ስሙ አንድ፣ ልኩ ሌላ፦ የብስክሌት መለዋወጫ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በዚህ እትም ከመረጥናቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያማርሩት በአንድ ነገር ነው። ዕቃው አዲስ ነው፣ ስሙም ከአሮጌው ጋር አንድ ነው፤ ግን አልገጥም አለ። በብስክሌት ዕቃ ላይ ስም ብዙ አያስተማምንም። የሚገጥመውን ከማይገጥመው የሚለየው ሚሊሜትሩ፣ የፊሌቶው (የብሎን ጥርሱ) ዓይነትና ዕቃው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ስለዚህ መልሶቻችን ቁጥር ይበዛባቸዋል። ቬርኒየር ካሊፐር (ከሚሊሜትር በታች የሚለካ መለኪያ) እና የብረት ማስመሪያ አጠገብዎ ይኑሩ።

ጥያቄ፦ የብስክሌቴ ጎማ 28 ኢንች ነው። ሲያልቅ 28 × 1.75 የሚል አዲስ ገዛሁ። አሮጌው 28 × 1 1/2 ይላል፤ ልዩነቱ የስፋት ብቻ መስሎኝ ነበር። አዲሱ ግን ምንም ብታገል ቸርኬው ላይ አልወጣ አለ። ጎማው ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ የማላውቅበት?

መልስ፦ ጎማውም ደህና ነው፣ እርስዎም አላጠፉም። «28» ማለት ጎማው ሲነፋ የሚኖረው የውጭ ቁመት ግምት ነው። ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ስፋት (ዲያሜትር) ግን ሌላ ነው፤ 28 × 1.75 ላይ 622 ሚሊሜትር፣ 28 × 1 1/2 ላይ ደግሞ 635 ሚሊሜትር። በጎማው ጠርዝ ውስጥ ያለው ሽቦ አይለጠጥም፤ 13 ሚሊሜትር የጎደለውን ጎማ በጉልበት ማስገባት አይቻልም። ቢታገሉ የሚቆረጠው ሽቦው ወይም የውስጥ ጎማው ነው።

ከእንግዲህ ሲገዙ የኢንቹን ጽሑፍ ትተው በጎማው ጎን ላይ በሰረዝ የተያያዙትን ሁለት ቁጥሮች ይፈልጉ፤ ለምሳሌ 47-622። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት ነው፤ ይህ በመጠኑ ቢለያይ ችግር የለውም። ሁለተኛው የመቀመጫው ክብ ስፋት ነው፤ እዚህ ላይ የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት እንኳ አይፈቀድም። 700 የሚባለውና «29» የሚባለው የተራራ ብስክሌት ጎማ ሁለቱም 622 ናቸው። «27.5» 584 ነው። «27 × 1 1/4» ደግሞ 630 ነው፤ ስሙ ከ27.5 ያነሰ ይመስላል፣ ልኩ ግን ከ29ኙም ይበልጣል! በ26 ኢንች ስም ደግሞ ቢያንስ ሦስት የማይገጣጠሙ ልኮች አሉ፦ በነጥብ የተጻፈው (26 × 1.75፣ 26 × 1.95፣ 26 × 2.1) 559፣ 26 × 1 3/4 ደግሞ 571፣ 26 × 1 3/8 ደግሞ 590። 1.75 እና 1 3/4 በሒሳብ እኩል ናቸው፤ ጎማ ላይ ሲጻፉ ግን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። የልጆችና የታጣፊ ብስክሌት 20 ኢንችም እንዲሁ 406 እና 451 አለው።

የእርስዎ ስህተት ደግነቱ ጎማው አልገባም ማለቱ ነው። አደጋው በተቃራኒው ነው፤ 635 ጎማ 622 ቸርኬ ላይ ያለ ምንም መሣሪያ በእጅ ይገባል፣ ሲነፋም የያዘ ይመስላል፣ ከዚያ በጉዞ ላይ ከቸርኬው ወጥቶ ይፈነዳል። በቀላሉ የገባ ጎማ ሁሉ ልኩ ነው ማለት አይደለም።

የአሮጌው ጎማ ጽሑፍ ጠፍቶ ከሆነ የቸርኬውን የውጭ ዳር ከዳር ለክተው ወደ 12 ሚሊሜትር ይቀንሱ። ግምት ነው፤ 622ን ከ635 ለመለየት ግን ይበቃል። ስፋትን በተመለከተ፣ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ውስጡ 19 ሚሊሜትር የሆነ ቸርኬ ከ28 እስከ 47 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ጎማ በደህና ይይዛል። ጎማው ተነፍቶ ከፍሬሙና ከፊት ሹካው በየጎኑ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ አለበለዚያ ቸርኬው ትንሽ ሲጣመም ይፋተጋል።

የውስጥ ጎማ (ከመነዳሪ) ስለሚለጠጥ እንዲህ አያስጨንቅም፤ ለ622 የተሠራው ለ635ም ይሆናል። የቫልቮላው ቀዳዳ ግን ይታይ። ቀጭኑ ቫልቮላ 6.5፣ እንደ መኪና ያለው ወፍራሙ 8.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። ቀጭኑ በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ሲወዛወዝ ከሥሩ ይቆረጣል፤ ማጥበቢያ ቀለበት ያስፈልገዋል። ጠባቡን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ማስፋት ደግሞ ጠባብ ቸርኬን ያደክማል፤ አንመክርም።

ጥያቄ፦ ከኋላ 8 ማርሽ ላለው ብስክሌቴ አዲስ ሰንሰለት ገጠምኩ። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ስረግጠው ይዘላል። አሮጌው ቢዝግም እንዲህ አያደርግም ነበር። ሻጩ የማይሆን ሰንሰለት ሰጥቶኝ ይሆን?

መልስ፦ ሰንሰለቱ የ8 ማርሽ ከሆነ ሻጩ አላጠፋም፤ አሮጌው ሰንሰለት ከሚገባው በላይ ቆይቷል። ሰንሰለት «ረዘመ» ሲባል ብረቱ ተለጥጦ አይደለም፤ በየመጋጠሚያው ያለው ፒንና ቀዳዳው እየተበሉ ስለሚላሉ ነው። በአዲስ ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊሜትር ነው። ያ ርቀት በየጊዜው ሲጨምር የኋላ ማርሾቹ ጥርሶችም ከእሱ ጋር እየተበሉ መንጠቆ ይመስላሉ። ሁለቱ አብረው ስላረጁ ይስማማሉ። አዲሱ ሰንሰለት ሲመጣ ግን በተበላው ጥርስ ላይ በትክክል አይቀመጥም፤ ጉልበት ሲበዛበት ጥርሱን ወጥቶ ያልፈዋል።

ለወደፊቱ በየጊዜው ይለኩት። ሰንሰለቱን ወጥረው በብረት ማስመሪያ ከአንድ ፒን መሃል ጀምረው 24 ክፍተት ይቁጠሩ። አዲስ ከሆነ 304.8 ሚሊሜትር ይሆናል። 306.3 ሲደርስ ግማሽ በመቶ፣ 307.1 ሲደርስ ሦስት አራተኛ በመቶ፣ 307.8 ሲደርስ አንድ በመቶ ረዝሟል ማለት ነው። ለ11 እና ለ12 ማርሽ በግማሽ በመቶው፣ ለ8፣ ለ9 እና ለ10 በሦስት አራተኛው መቀየር ነው። እዚያ ላይ ከተቀየረ የኋላ ማርሾቹ ሁለትና ሦስት ሰንሰለት ያስጨርሳሉ። አንድ በመቶ ካለፈ ግን ሰንሰለቱን ብቻ መቀየር የእርስዎን ችግር ያመጣል፤ የኋላ ማርሾቹም አብረው መቀየር አለባቸው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ዝላዩ የት እንደሆነ ይለዩ። በአንድ ወይም በሁለት ማርሽ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በተለይም አዘውትረው በሚጠቀሙባቸው ትናንሾቹ ላይ፣ የማርሽ መበላት ነው። በሁሉም ማርሽ ላይ፣ ሰንሰለቱ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር እየተደጋገመ የሚመጣ ከሆነ ግን አንድ የደረቀ መጋጠሚያ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ ራስዎ ፒን የመቱበት ነው። ፔዳሉን በዝግታ ወደ ኋላ እያዞሩ የማይታጠፈውን ይፈልጉ፤ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ጎንና ወደ ጎን ትንሽ ቢያጥፉት ይለቃል። ከፊት ያሉት ጥርሶችም እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ አንድ ጎን ተጋድመው እንደሆነ ይመልከቱ፤ እነሱ ቀስ ብለው ያረጃሉ፣ ግን ያረጃሉ።

የሰንሰለት ስፋት በኋላ ማርሾች ብዛት ይወሰናል። ለ6፣ 7 እና 8 አንድ ዓይነት ነው፤ የፒኑ ርዝመት ዳር ከዳር ከ7.1 እስከ 7.3 ሚሊሜትር። ለ9 ወደ 6.6፣ ለ10 ወደ 6፣ ለ11 ወደ 5.5፣ ለ12 ወደ 5.3 ይወርዳል። ሰፊውን በጠባብ ማርሾች ላይ ካስገቡ ጎረቤቱን ማርሽ ይፍቃል። ያለ መሣሪያ የሚፈታው መጋጠሚያም ለዚያው ቁጥር የተሠራ መሆን አለበት፤ የ8ቱ መጋጠሚያ በ9 ሰንሰለት ላይ ይንቀጫቀጫል፣ የ9ኙ በ8 ላይ አይዘጋም። ማርሽ የማይቀየርባቸው ብስክሌቶች ብዙዎቹ ውስጡ 3.2 ሚሊሜትር የሆነ ሰፊ ሰንሰለት ይጠቀማሉ። እሱ በቀጭን ጥርስ ላይ ይሠራል፤ ባለ 2.4 ሚሊሜትሩ ግን በወፍራም ጥርስ ላይ አይገባም።

ርዝመቱን ለመወሰን አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አያስተኙ፤ አሮጌው ስለረዘመ አንድ መጋጠሚያ ያህል ያሳስታል። መጋጠሚያዎቹን ይቁጠሩ። አሮጌው ከሌለ አዲሱን ከፊትም ከኋላም በትልቁ ማርሽ ላይ ያዙሩት፤ ሰንሰለቱን ከማርሽ ወደ ማርሽ በሚያሻግረው ክንድ (በዲሬለሩ) ውስጥ ሳያሳልፉ ጫፎቹ የሚገናኙበትን ያግኙና ሁለት መጋጠሚያ፣ ማለትም 25.4 ሚሊሜትር፣ ጨምረው ይቁረጡ።

ጥያቄ፦ ከኋላ 7 ማርሽ ያለውን ብስክሌቴን ወደ 9 ላሳድግ ብዬ የ9 ካሴት ገዛሁ። ቸርኬው ላይ ግን የሚሰካበት ቦታ የለም፤ አሮጌው በፊሌቶ የታሰረ ነው። ምን ጎደለኝ? ዳገት ስለሚከብደኝ ነው ማሳደግ የፈለግሁት።

መልስ፦ የጎደለዎት ሞዞው (የቸርኬው እምብርት) ነው። የኋላ ማርሾች በሁለት መንገድ ይታሰራሉ። አንደኛው ወደ ኋላ ሲዞር «ጠቅ ጠቅ» የሚለውን አሠራር በራሱ ውስጥ ይዞ በፊሌቶ ሞዞው ላይ የሚጠመዘዝ ነው፤ የእርስዎ ይህ ነው። ሁለተኛው ካሴት ነው፤ የሚሰካው ጎን ለጎን ጎድጓዳ መስመሮች ባሉት የሞዞ አካል ላይ ነው፣ ጠቅ ጠቅ የሚለውም እዚያ ሞዞው ውስጥ ነው። ለመለየት መፍታት አያስፈልግም። ማርሾቹን ወደ ኋላ ያዙሩና መሃል ላይ የመፍቻው መሣሪያ የሚገባበትን ጎድጓዳ ይመልከቱ፤ ከማርሾቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፣ ቆሞ ከቀረ የሚጠመዘዘው ነው።

በፊሌቶ የሚጠመዘዝ ባለ 9 ማርሽም ይሸጣል። እኛ አንመክረውም። በዚህ ዓይነቱ ሞዞ የቀኙ ኩሽኔታ ከማርሾቹ በስተውስጥ ስለሚቀር፣ ማርሽ በበዛ ቁጥር ፔርኖው (የመሃል ዘንጉ) ሳይደገፍ የሚቀርበት ርቀት ይረዝማል፤ መጨረሻው የታጠፈ ወይም የተሰበረ ፔርኖ ነው።

ወደ ካሴት ለመሄድ ከቆረጡ በመጀመሪያ የፍሬሙን የኋላ ክፍተት፣ ቸርኬው በሚገባበት በሁለቱ ጆሮዎች ውስጥ ለውስጥ፣ ይለኩ። 126 የቆየ የ6 እና የ7 ማርሽ ልክ ነው፤ 130 የመንገድ፣ 135 የተራራ ብስክሌት ነው። የብረት ፍሬም ጥቂት ሚሊሜትር በባለሙያ ሊከፈት ይችላል፤ አሉሚኒየምና ካርቦን ግን አይነኩም። ሺማኖ የተባለው አምራች ዓይነት ካሴት ከ8 እስከ 10 ማርሽ አንድ የሞዞ አካል ይጋራል። ለ7 የተሠራው አካል ያጥራል፤ 9 አይይዝም። ረጅሙ አካል ላይ የ7 ካሴት ማስገባት ግን በ4.5 ሚሊሜትር ቀለበት ይቻላል። የመንገድ 11 አካል ደግሞ ከ8/9/10ው በ1.85 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ እዚያ ላይ የ9 ካሴት ሲገባ ያን ያህል ቀለበት ከሥሩ ይደረጋል። ቀለበቱ ከተረሳ ካሴቱ ማሰሪያው ቢጠብቅም ይንቀሳቀሳል። የማሰሪያው ጥብቀት 40 ኒውተን ሜትር ነው።

ቀጥሎ የማርሽ መቀየሪያ እጀታው ነው። በ7 ላይ ከማርሽ ማርሽ ያለው ርቀት 5.0 ሚሊሜትር ነው፣ በ9 ላይ 4.35። የ7 እጀታ በ9 ላይ የመጀመሪያውን ቢያገኝ ሦስተኛውን ይስታል፤ ኬብል በመወጠርና በማላላት አይስተካከልም። ስለዚህ የ9 እጀታ፣ የ9 ሰንሰለትና አዲስ ኬብል አብረው ይገዛሉ። ዲሬለሩ ግን ስንት ማርሽ እንዳለ አያውቅም፤ እጀታው በሳበለት መጠን ብቻ ነው የሚሄደው። ዱራ-ኤስ 7400 ከሚባለው አሮጌ የመንገድ ሞዴል በቀር የሺማኖ 7፣ 8 እና 9 ዲሬለሮች፣ የመንገዱም የተራራውም፣ ለተመሳሳይ የኬብል ጉተታ የተሠሩ በመሆናቸው ያለዎት ሊያገለግል ይችላል። በ10 ላይ ግን የሺማኖ የመንገድና የተራራ ዕቃ ተለያየ፤ የተራራ 10 ዲሬለር በመንገድ 10 እጀታ አይሠራም። ስራም የተባለው ሌላ አምራችም የራሱ ጉተታ አለው፤ ከሺማኖ እጀታ ጋር አይቀላቀልም።

ዲሬለሩ የሚሸከመውን ደግሞ ያስሉ። ከፊት ትልቁና ትንሹ ማርሽ የሚለያዩበትን ጥርስ፣ ከኋላ ከሚለያዩበት ጋር ይደምሩ። ከፊት 48 እና 28፣ ከኋላ ከ11 እስከ 34 ቢሆን 20 ሲደመር 23፣ 43 ይሆናል። ያንን የሚችለው ረጅም እግር (ሰንሰለቱን የሚወጥረው የታችኛው ክፍል) ያለው ዲሬለር ነው። አሮጌው ከ14 እስከ 28 ከነበረ ድምሩ 34 ብቻ ስለነበር መካከለኛ እግር ይበቃው ነበር። አጭር ዲሬለር ላይ ከተጫነ፣ ሰንሰለቱ ሲያጥር በትልቅና በትልቅ ላይ ተወጥሮ ዲሬለሩን ከነመስቀያው ይገነጥላል፤ ሲረዝም ደግሞ በትንሽና በትንሽ ላይ ይንጠለጠላል።

እንግዲህ ቸርኬ ወይም ሞዞ፣ ካሴት፣ ሰንሰለት፣ እጀታ፣ ኬብል፣ ምናልባትም ዲሬለር ሊገዙ ነው። የከበደዎት ዳገት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። በፊሌቶ የሚጠመዘዝ ባለ 7 ማርሽ ከ14 እስከ 34 ጥርስ ያለው አለ። እሱን፣ ረዘም ያለ የ7/8 ሰንሰለትና 34 ጥርስ የሚችል ዲሬለር ገጥመው በአሮጌው እጀታ ይቀጥሉ። ዳገትን የሚያቀለው የትልቁ ማርሽ ጥርስ ብዛት ነው፤ ከ7 ወደ 9 መሄድ በመካከል ያለውን እርምጃ ያጠባል እንጂ በራሱ አያቀልም።

ጥያቄ፦ የፔዳሉ መሃል ይወዛወዛል። ፍሬሙ ውስጥ ያለውን የታሸገ ኩሽኔታ ለማውጣት በረጅም ቁልፍ ብታገልም የቀኙ ጎን ንቅንቅ አላለም። ከወጣስ በኋላ ምን ዓይነት ልግዛ?

መልስ፦ ሲታገሉ የነበሩት እያጠበቁት ሊሆን ይችላል። በአብዛኞቹ ፍሬሞች የቀኙ (የሰንሰለት ጎኑ) ፊሌቶ ግራ ዞር ነው፤ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ነው። የግራው እንደተለመደው ነው። ግን በመጀመሪያ የፍሬሙን ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ይለኩ። 68 ወይም 73 ሚሊሜትር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የእንግሊዝ ልክ ነው፤ የፊሌቶው ዲያሜትር 1.37 ኢንች፣ በኢንች 24 ጥርስ። 70 ከሆነ የጣሊያን ነው፤ 36 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለውና ሁለቱም ጎን ተራ ፊሌቶ። የቆዩ የፈረንሳይ ፍሬሞች 68 ሆነው ሁለቱም ጎን ተራ ፊሌቶ ስላላቸው ያሳስታሉ፤ የፊሌቷቸው ዲያሜትር 35 ሚሊሜትር ነው።

ከመፍታትዎ በፊት መወዛወዙ የማን እንደሆነ ያረጋግጡ። ሁለቱም የፔዳል ክንዶች አብረው ከተወዛወዙ ኩሽኔታው ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ክንዱ ላልቷል፤ በላላ ክንድ ጥቂት ከተነዳ አራት ማዕዘን ቀዳዳው ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ቢያጠብቁትም አይይዝም። ክንዱን ሲያወጡ ከብሎኑ ጋር ሮንዴላውንም ማውጣት አይርሱ፤ ሮንዴላው ውስጥ ከቀረ መንቀያው እሱን እየገፋ የክንዱን ፊሌቶ ጠርጎ ይወጣል። የደረቀውን ኩሽኔታ ዘልቆ ገቢ ዘይት ቀብተው ያሳድሩት፤ መፍቻው እንዳይንሸራተት በክንዱ ብሎን ፔርኖው ላይ አስረው ይጠምዝዙ።

ሲገዙ ሦስት ነገር ይዘው ይሂዱ። የቱቦው ስፋትና የፔርኖው ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው ላይ 68-113 ወይም 68-122.5 ተብሎ ተጽፏል። ፔርኖው ከረዘመ ሰንሰለቱ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የፊት ማርሽ መቀየሪያው አይደርስበትም፤ ካጠረ ማርሹ ወይም ክንዱ ፍሬሙን ይነካል። ሦስተኛው የጫፉ ልክ ነው። የጃፓንና የዓለም አቀፉ የተባሉ ሁለት አራት ማዕዘን ጫፎች አሉ፤ ዘንበላቸው አንድ ሲሆን ውፍረታቸው ይለያያል። ለጃፓኑ የተሠራ ክንድ በቀጭኑ ዓለም አቀፍ ጫፍ ላይ ከመጠን በላይ ገብቶ ሳይጠብቅ ይቀራል፤ ተቃራኒው ደግሞ ወደ 4.5 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ ይቀራል። የሺማኖ ክንድ ካለዎት የጃፓኑን፣ የካምፓኞሎ ከሆነ ዓለም አቀፉን ይግዙ። ፊሌቶውን ግራሶ ቀብተው ያስገቡ፤ የክንዱን ብሎን ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ አሮጌውን ካንቲሊቨር ፍሬን አውጥቼ ቪ-ብሬክ ገጠምኩ። እጀታውን ስጨብጥ ግን እስከ መሪው ድረስ ይገባል። ኬብሉን ብወጥረው የፍሬኑ ጎማ ከቸርኬው ጋር ይፋተጋል።

መልስ፦ የፍሬን እጀታው ለቪ-ብሬክ የሚሆን አይደለም። ቪ-ብሬክ ረጅም ክንድ ስላለው ኬብሉ ወደ ሁለት እጥፍ ያህል እንዲሳብለት ይፈልጋል፤ የካንቲሊቨርና የመንገድ ፍሬን እጀታ የሚስበው አጭር ነው። የቪ-ብሬክ እጀታ ይግዙ፤ አንዳንዱ እጀታ ኬብሉ የሚታሰርበትን ቦታ በ«ቪ» እና በ«ሲ» ምልክት የሚቀያይር ስለሆነ ያለዎትን መጀመሪያ ይዩ። ተቃራኒው ስህተት ደግሞ የባሰ ነው። የቪ-ብሬክ እጀታ በካንቲሊቨር ላይ ሲደረግ ጨበጣው ጠንካራና የሚያስተማምን ይመስላል፣ ብስክሌቱ ግን አይቆምም።

ኬብል ሲቀይሩ አንድ ማስጠንቀቂያ። የፍሬን ኬብል ሽፋን ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ሽቦ ነው፣ ውፍረቱም 5 ሚሊሜትር። የማርሽ ሽፋን ብዙውን ጊዜ 4 ሚሊሜትር ሆኖ ሽቦዎቹ ቀጥ ብለው የተደረደሩ ናቸው። ይህን ለፍሬን ከተጠቀሙበት ጠንክረው ሲጨብጡ ሽቦዎቹ ተበታትነው ሽፋኑ ይፈነዳል፤ ያ የሚሆነው ፍሬን በጣም በሚያስፈልግዎት ሰዓት ነው። የኬብሉ ራስም ሁለት ዓይነት ነው፤ እንደ በርሜል ያለው ለቀጥ ያለ መሪ፣ እንደ ፒር ፍሬ ያለው ለተጠማዘዘ የእሽቅድምድም መሪ። በፋይል ሞርዶ ማስገባት አይገባም።

ጥያቄ፦ የዲስክ ፍሬኔ በዘይት የሚሠራ ነው። ዘይቱ ጎድሏል፤ የመኪና የፍሬን ዘይት ይሆናል?

መልስ፦ በእጀታው የዘይት ክዳን ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ሺማኖና ማጉራ የማዕድን ዘይት ብቻ ይቀበላሉ፤ አብዛኞቹ የስራም ፍሬኖች ዶት የሚባለውን፣ የመኪናውን ዓይነት። ከተሳሳተ በፍሬኑ ውስጥ ዘይቱን የሚያሽጉት ጎማዎች ያብጣሉ፣ እጀታው አይመለስም፤ ታጥቦም አይድንም፣ ጎማዎቹ ወይም ፍሬኑ በሙሉ ይቀየራል። ደግሞም ዘይት በራሱ አያልቅም፤ ጎድሎ ከሆነ ሸራው (ዲስኩን የሚጨብጠው የፍሬን ክፍል) አልቆ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ወጥተው ነው ወይም የሚያንጠባጥብ ቦታ አለ። ከመሙላትዎ በፊት ሸራውን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ 15 ዓመቴ ነው። አዲስ ፔዳል ገዝቼ ቀኙ ገባ፤ ግራው ግን ሁለት ዙር ሄዶ ተያዘ። በጉልበት ልግፋው? (ታዳጊው አንባቢያችሁ)

መልስ፦ አትግፋው። የግራ ፔዳል ፊሌቶ ተቃራኒ ነው፤ የሚጠብቀው በሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ለማስታወስ ቀላሉ መንገድ ሁለቱም ወደ ብስክሌቱ ፊት ሲዞሩ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኋላ ሲዞሩ ይፈታሉ የሚለው ነው። የፔዳሉ ፔርኖ ጫፍ ላይ ግራና ቀኝ የሚለይ ፊደል አለ፤ አረጋግጥ። ልኩም ሁለት ነው፦ በአብዛኛው 9/16 ኢንች (14.3 ሚሊሜትር)፣ ክንዶቹና የመሃል ፔርኖው አንድ ወጥ ብረት በሆኑባቸው ብስክሌቶች ደግሞ 1/2 ኢንች (12.7 ሚሊሜትር)። ትክክለኛውን ግራሶ ቀብተህ የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ዙር በጣትህ ብቻ አዙር። በጣት ካልሄደ ጠምሞ ገብቷል፤ አውጥተህ እንደገና ጀምር። ፊሌቶው ተነክቶ ከሆነ ግራ ዞር ፊሌቶ ማውጫ ያለው ባለሙያ ያጠራዋል።

ጥያቄ፦ የሁለቱን ሞዞዎች ኳሶችና ኮኖች ልቀይር ነው። ስንት ኳስ፣ በምን ልክ ልግዛ? ኮኑስ ከየትኛውም ይገጥማል?

መልስ፦ በተለመደው ሞዞ ከፊት 3/16 ኢንች (4.76 ሚሊሜትር) በየጎኑ 10፣ ከኋላ 1/4 ኢንች (6.35 ሚሊሜትር) በየጎኑ 9 ነው። የተለየ ሞዞ ስላለ ሲፈቱ ይቁጠሩ፣ አንዱንም ይለኩ። ኳሶቹ ተደርድረው ሲያልቁ በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት መቅረት አለበት፤ ሞልተው ከተጨናነቁ አንዱን ያንሱ። የጎደለውን ብቻ በአዲስ አይተኩ። አዲሱ ከተበሉት በጥቂት ይወፍራል፣ ጭነቱ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል።

ኮኑ (ፔርኖው ላይ ተጠምዝዞ ኳሶቹን የሚይዘው) ላይ ኳሱ በሄደበት መስመር ጉድጓድ ካለ ኮኑን ይቀይሩ፤ ሞዞው ውስጥ ያለው መቀመጫም ከተቦረቦረ ግን አዲስ ኮን ብዙ አይቆይም። ኮን ከየትኛውም አይገጥምም። ለፈጣን ማሰሪያ (ቸርኬውን ያለ ቁልፍ በእጅ ለሚያስረውና ለሚፈታው) የተሠሩ ፔርኖዎች ከፊት 9፣ ከኋላ 10 ሚሊሜትር ሆነው ፊሌቷቸው 1 ሚሊሜትር ነው። የቆየው የኋላ ፔርኖ ግን 3/8 ኢንች (9.5 ሚሊሜትር)፣ በኢንች 26 ጥርስ ነው፤ እርምጃው ከ1 ሚሊሜትር በጥቂት ስለሚያንስ የ10 ሚሊሜትር ኮን ላዩ ላይ ልል ሆኖ ይገባል፣ ሲጠብቅ ይጠራርገዋል። አሮጌውን ኮን ይዘው ይሂዱ፤ ርዝመቱን፣ የአቧራ መከላከያ ቀለበቱን ስፋትና ኳሱ የሚያርፍበትን ጉብታ ያስተያዩ። ሲያስተካክሉ ፈጣን ማሰሪያ ያለውን ፔርኖ እጅግ ትንሽ አላልተው ይተዉት፤ ማሰሪያው ሲጨበጥ ፔርኖው ስለሚጨመቅ ያ ልልነት ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የኮርቻው ዘንግ እየተንሸራተተ ይወርዳል። በሜትር ለክቼ 27 ሚሊሜትር ስለሆነ 27 ገዝቻለሁ። በቆርቆሮ ጠቅልዬ ብከተውስ?

መልስ፦ የኮርቻ ዘንግ በ0.2 ሚሊሜትር እርምጃ ይሠራል፤ 26.8፣ 27.0 እና 27.2 ሦስት ዕቃዎች ናቸው፣ በሜትር አይለዩም። ከሁሉ የተለመደው 27.2 ነው፤ የእርስዎም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከፍሬሙ ጋር የመጣው ዘንግ ካለ ታችኛው ጫፉ ላይ ቁጥሩ ተቀርጿል። ከሌለ የፍሬሙን ቱቦ ውስጡን ከስንጥቁ በታች፣ በሁለት አቅጣጫ በቬርኒየር ይለኩ፤ ስንጥቁ አጠገብ በማሰሪያው ስለተጨመቀ ያሳንሳል። ማሰሪያው ሲጠብቅ የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች ከተገናኙ ዘንጉ ቀጭን ነው።

ቆርቆሮው ይቅርብዎ። ጭነቱ በጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ቱቦው ከላይ ይሰነጠቃል፤ የዘንግ ዋጋ የፍሬም ዋጋ ይሆናል። አዲሱን ሲያስገቡ ዘንጉ ላይ ያለው የዝቅተኛ መግቢያ መስመር ቱቦው ውስጥ መደበቅ አለበት። ብረትና አሉሚኒየም ሲገናኙ ዝገት እንዳያጣብቃቸው ግራሶ ይቀቡ። ዘንጉ ወይም ፍሬሙ ካርቦን ከሆነ ግን ግራሶ አይቀባም፤ በውስጡ ደቃቅ ቅንጣት ያለው የካርቦን መግጠሚያ ቅባት ነው የሚያስፈልገው፣ ማሰሪያውም ላዩ ላይ ከተጻፈው ጥብቀት ማለፍ የለበትም።